ከኋላ ያለው ሰው

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከብሔራዊ ጀርባ፣
በመስታወት ሣጥን፣ አንድ ሰው በሚያስገባ፣
ከወንበር ባነሰች ዱካ ላይ ተቀምጬ፣
የሰው ስልክ ሆድ ዕቃ በወረንጦ ገልጬ።

ምንያህል ብቅ አለ። ካልሲ ነው ንግዱ፣
ወሬ ግን ሱሱ ነው፤ ወሬ ነው ልማዱ።
«ወጣ አሉ አዲሱ! ለሦስት ይታጠፋል፤
ሲዘረጋ ጠረጴዛ፣ ሲያጥፉት ኪስ ያርፋል።»
«ዋጋውስ?» አልኩት።
«የኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ያልፋል።»

መታጠፉ ብቻ ምኑ ይገርማል ለእኔ?
ስንት ቃል ታጠፈ እያየሁት በዓይኔ።
አከራዬ አጠፈው የፋሲካ ቃሉን፣
ደንበኛ አጠፈው «ነገ እከፍላለሁ»ን፤
«ምትክ ሱቅ ታገኛለህ» የሚለው ወረቀት
እሱ ራሱ አለ፣ ኪሴ ውስጥ፣ ታጥፎ በአራት።
ማንም ግን አንድ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ፣
ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ጭብጨባ ሸምቶ፣
«እነሆ ታጣፊ!» ያለ የለም ከቶ።

ቻርጀሩን አወጡት፤ ካርቶኑ ቀለለ፣
«ለምድር አዝነን ነው» አለ፣ ያለው አለ።
ምድርም ትመርቃቸው። እኔን ግን ምን ከፋኝ?
ከአሥር ቻርጀር ሽያጭ ለደብተር ተረፈኝ።

ከዚያ አቶ ዘርጋው መጡ፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ፤
ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፣ በላስቲክ የታሰረች እስረኛ።
«እሑድ ነው የሞላኋት፤ ዛሬ አንድ መስመር ቀነሰች፤
እስኪ እያት፣ ሐኪሙ፤ ታማ ነው? ወይስ አረጀች?»
ምንያህል በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤
በዚያ ቀን ከመጡት ሁሉ ሌላ ጤነኛ አላየሁም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሜላት መጣች፣ ባንክ የምትሠራው፤
ስልኳ ገና ትኩስ ነው፤ ዘመዷ ነው ከዱባይ የላከው።
«ግላስ ለጥፍልኝ፣ ቶሎ፣ ሳይጫር፣ ሳይወድቅብኝ፤
ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው፤ ቆይ ላሳይህ፣ ጠብቀኝ።»

(አስተውሎት! እሱንም ሰው ሠራው።
የራሱን የት ጥሎት ይሆን የሚሠራው?)

ፎቶ ከፈተች። ፒያሳ ነው፤ ያኔ፣ ሳይፈርስ፣
ዶሮ ማነቂያ መግቢያ። እህቷ ጋውን ለብሳ፣
አበባ ታቅፋ፣ ፀሐይ ዓይኗን አጥብባ።
ከኋላ ረዳት ሲጣራ፣ አፉ እንደተከፈተ ቀርቶ፤
የአንዲት ሱቅ ታፔላ፣ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቶ፤
ከታፔላው ሥር አንድ ሰው፣ አንገቱን አጎንብሶ፣
ወረንጦ በእጁ ይዞ፣ ቡኒ ጃኬት ለብሶ።

«ከኋላ ያለውን ሰው፣ እየው፣ በጣት ነካ ሲያረጉት...»

ነካችው።
ረዳቱ ከነጥሪው ጠፋ።
ቡኒ ጃኬቱም ጠፋ።
ቦታው አልጎደለም፤ ድንጋይ በድንጋይ ተሞላ፣
ከተማው ሲቆረቆር ጀምሮ ግንብ የነበረ ይመስላል።

«አየህ? ስፌቱ እንኳ አይታይም!»
«አይታይም» አልኳት።

ጃኬቱ ከጀርባዬ፣ ምስማር ላይ፣ ተሰቅሏል።
ምንያህል ጃኬቱን አየ፣ እኔን አየ፤
ካወቅሁት ጀምሮ ወሬ ያጠረው ያን ቀን ነው።

«መመለስ ይችላል?»
«አዎ፣ ቀስቷን መንካት ነው። ለምን?»
«እንዲሁ ነው። ለማወቅ።»

ግላሱን ለጠፍኩላት፣ በአልኮል አጥቤ፣
ከጥግ እስከ ጥግ ድረስ በአውራ ጣቴ አስልቤ።
አንዲት የአየር ፊኛ ግን፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች፣
ስገፋት ትሸሻለች፤ ዞራ እዚያው ደረሰች።
«ትወጣለች?» አለች ሜላት።
«ሁለት ሦስት ቀን ስትቆይ በራሷ ትጠፋለች።»
ውሸቴን ነው። አትጠፋም።
ሦስት መቶ ሃምሳ ብሯን በቴሌብር ላከች፤
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤ እሷም መንገዱን ተሻገረች።

ምንያህል ጉሮሮውን ጠረገ።
«ስማ፤ በሚመጣው ወር ደግሞ ሌላ ይወጣል አሉ።»
«ምን የሚያደርግ?» አልኩት።
አልመለሰልኝም፤
ካልሲ እያጠፈ ነበር።